ፊቱን ገዝቶ ስሙን የሚጥል ሰብሳቢ

የድሮ ፎቶግራፍ የሚሰበስብ ሰው ስለ ገዛው ነገር ብዙ ያውቃል። ወረቀቱ በእንቁላል ነጭ የተቀባው የ19ኛው መቶ ዘመን ዓይነት መሆን አለመሆኑን በብርሃን አስተያይቶ ይለያል። በካርቶኑ ላይ የታተመው የፎቶ ቤት ምልክት ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንዳገለገለ ያስታውሳል። ዕቃው ፖስትካርድ ከሆነም የአሳታሚውን ስም፣ የቴምብሩን ቀለም፣ የፖስታ ቤቱን ማኅተምና ቀኑን ሳይሳሳት ይዘረዝራል። በ1894 የወጣውን የዳግማዊ ምኒልክ ምስል ያለበትን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ቴምብር የቀረጸው ፈረንሳዊው ኧዤን ሙሾን መሆኑንም ይነግራችኋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፎቶግራፉ ከኢትዮጵያ ወይም ከአካባቢዋ የመጣ ሲሆን ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይታለፋል፤ ይህ የሚታየው ሰው ማን ነው?

ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በምጽዋና በአስመራ፣ በጅቡቲና በሐረር፣ በኋላም በአዲስ አበባ የተነሡ ሥዕሎች በብዛት ወደ አውሮፓ ተልከዋል፤ እስከ ዛሬም እዚያው ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣሉ። ከሥራቸው የተጻፈውን መግለጫ ያነበበ ሰው የሚያገኘው «የሐበሻ ሴት»፣ «የሐበሻ ወታደር»፣ «የሐረር ልጃገረድ»፣ «የአገሩ ሹም ከነአሽከሮቹ» የሚል ነው። ኦሮሞው የሚጠራው ራሱ ተጠርቶበት በማያውቀው፣ ዛሬ ስድብ በሆነ ቃል ነው። አሳታሚው ይህን ሲጽፍ የሚሸጠው የሰውን ዓይነት እንጂ ሰውን አልነበረምና አያስገርምም። የሚያስገርመው ሰብሳቢው ከመቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ቃል እንዳለ በካታሎጉ ላይ መገልበጡ ነው። የጥንቱን መግለጫ መጠበቅ ግዴታው እንደ ሆነም ይከራከራል። ይጠብቀው፤ ማንም አይከለክለውም። ከጎኑ እውነተኛውን ስም ለመጻፍ አለመሞከሩን ግን ጥበቃ ብሎ መጥራት ስንፍናን በክብር ልብስ መሸፈን ነው።

ነገሩ ጠንከር ብሎ ይነገር ከተባለ፣ ሥዕልን ያለ ስም መሰብሰብ የዝርፊያ ታናሽ ወንድም ነው። ሠራዊት ዕቃውን ከባለቤቱ ይለያል፤ ሰብሳቢው ደግሞ ፊትን ከስም ይለያል። ይህ የማይቀር ነገር ነው የሚል ካለ ደግሞ አሰባሰብ በሌላ ዘንድ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበቃዋል። ምሳሌው ከሩቅ ይመጣል፤ ለዚያውም ከጨዋታ ሜዳ።

አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት የኳስና የዱላ ጨዋታ በምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም፤ ለዚህ ክርክርም ሕጉን ማወቅ አያስፈልግም። ጉድዊን የተባለ የኒው ዮርክ የትንባሆ ኩባንያ ከ1886 እስከ 1890 ድረስ «ኦልድ ጀጅ» በተባለው ሲጋራው ፓኬት ውስጥ የተጫዋቾችን ትናንሽ ፎቶግራፎች እየከተተ ይሸጥ ነበር። ተጫዋቹ ፎቶ ቤት ውስጥ ይቆማል፤ ኳሷ ከጣራ በክር ትንጠለጠላለች፤ እርሱ የሚቀልባት መስሎ እጁን ይዘረጋል። የዘመኑ ካሜራ የሚሮጥ ሰው ለመያዝ አይችልምና መላው ይኸው ነበር። በዚህ መንገድ ከ500 የሚበልጡ ተጫዋቾች ተነሥተዋል። ከመካከላቸው ዝነኞች አሉ፤ በትንሽ ከተማ ቡድን አንድ ሁለት ዓመት ተጫውተው ወደ እርሻቸው ወይም ወደ መሸታ ቤታቸው የተመለሱም አሉ። ሰብሳቢዎቹ ግን ትልቁንም ትንሹንም አልለዩም። እያንዳንዱን ሰው በስሙ፣ በቡድኑ፣ በአቋቋሙ ለይተው መዘገቡ፤ በ2008ም ሦስት ሰብሳቢዎች ተባብረው ይህን ሁሉ በአንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተሙት። በ1971 የተቋቋመው የአሜሪካ የቤዝቦል ጥናት ማኅበር አባላትም አንድ ቀን ብቻ ተጫውቶ የተሰናበተ ሰው የት ተወለደ፣ የት ተቀበረ እያሉ የቤተ ክርስቲያን መዝገብና የመቃብር ድንጋይ ያስሳሉ።

ይህን ሥራ መልክ ያስያዘው ጄፈርሰን በርዲክ የሚባል፣ በሲራኪዩዝ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ይገጣጥም የነበረ፣ በመገጣጠሚያ ሕመም ይሠቃይ የነበረ ሰው ነው። ሀብታም አልነበረም። ካርዶችን በየዓይነታቸው ለይቶ ቁጥር የሰጠበትን ካታሎግ በ1939 አወጣ፤ ሰብሳቢዎች ዛሬም የሚጠቀሙት በእርሱ ቁጥር ነው። ከዚያም ከ300,000 በላይ ካርዱንና የታተመ ወረቀቱን ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ። መስጠት ብቻ አይደለም፤ እየተመላለሰ በተጣመሙ ጣቶቹ በየአልበሙ ለጠፈው። ሥራውን በ1963 መጀመሪያ ጨረሰ፤ በዚያው ዓመት ሞተ።

አሜሪካኖቹን መላእክት ለማድረግ አይደለም። ገበያቸው አስመሳይና ሌባ የበዛበት ነው። ከኒው ዮርክ ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍት ለቀድሞው የቡድን መሪ ለሃሪ ራይት የተጻፉ የ19ኛው መቶ ዘመን ደብዳቤዎች ተሰርቀዋል። የፊርማ አሳዳጆችም ፊርማውን ብቻ በመቀስ ቆርጠው ደብዳቤውን የሚጥሉበት ዘመን ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የታተመች አንዲት የሆነስ ዋግነር ካርድ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሽጣለች፤ በዚህ ዋጋ ላይ ብዙ ማሰብ ይቻላል። ነገር ግን ያ ሁሉ ገንዘብ የቆመው በስም ላይ ነው። ኳስ ለሚቀልብ ሰው ይህን ያህል የደከመ ዓለም፣ ጦር ይዛ ወይም ልጅ አዝላ ለቆመች ሴት «ሴት» ከማለት አላለፈም። ችሎታው አለ። ያልነበረው ፈቃዱ ነው።

ስም ያለው የኢትዮጵያ ሥዕል ምን ያህል እንደሚናገር ለማየት ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን ማሰብ ይበቃል። በ1868 መቅደላ ከወደቀች በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት አስቀመጡት። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያ ሥዕል ዛሬ የሚያስለቅሰው፣ ክርክር የሚያስነሣው፣ አፅሙ ከዊንዘር ይመለስ የሚለውን ጥያቄ በዓይን ፊት የሚያቆመው ስሙና ታሪኩ ከፊቱ ጋር ስላሉ ነው። በዚያው ዘመቻ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው ነበር፤ ሰፈሩን፣ አምባውን፣ ሰዉንም አንሥተዋል። በእነዚያ አልበሞች መኮንኑ አብዛኛውን ጊዜ ከነማዕረጉ ተጽፏል፤ ኢትዮጵያዊው ግን ሹም ወይም መስፍን ካልሆነ በስተቀር በወል ስም ታልፏል። የልዑሉን ትንሽ ካርድ በውድ የሚገዛ ሰው፣ ከልዑሉ ጋር ከአገር የወጡትን ማን ማን ናቸው ብሎ ለመጠየቅ አንድ ሽልንግ አያወጣም።

እዚህ ላይ አገር ወዳዱ ይነሣና መፍትሔው ሁሉን ማስመለስ ነው ይላል። የዓፄ ቴዎድሮስ ጠጉር በ2019 ከለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ደስታው ተገቢ ነበር። ጠጉሩ የማን እንደ ሆነ የታወቀ ነውና መመለሻው አድራሻ ነበረው። «የሐበሻ ሴት» ግን ወዴት ትመለሳለች? ወደ ጎንደር? ወደ አንኮበር? ወደ ሐማሴን? ስሟ ያልታወቀ ሥዕል አዲስ አበባ ቢደርስም ሳጥን ይቀይራል እንጂ አገሩ አይገባም። ማስመለስን የሚሰብኩ ሰዎች ከጭነቱ በፊት ስለ መዝገቡ ሲናገሩ የሚሰሙት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።

የሌላ አገር ምሳሌ ብቻ ለምን ይጠቀሳል የሚል ቢኖር፣ በኢትዮጵያ ጉዳይም ሥራውን የሠሩ አሉ። ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩቤንሰን የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት በ19ኛው መቶ ዘመን የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ከተበተኑባቸው ቤተ መዛግብት አሰሰ፤ በ1987፣ በ1994ና በ2000 በወጡ ሦስት ጥራዞች የእያንዳንዱን ደብዳቤ ፎቶ ቅጂ ከነትርጉሙ፣ ከነቀኑና ከነመገኛው አሳተመ። ደብዳቤዎቹን የራሱ አላደረጋቸውም፤ ያሉበትን ግን ለሁሉ አሳወቀ። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። የፊርማ ሰብሳቢ ከእነዚህ ደብዳቤዎች ብዙዎቹን ቢያገኝ ምን እንደሚያደርጋቸው ግራ በገባው ነበር፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ደብዳቤ የሚጸናው በራሱ ላይ በሚያርፈው ማኅተም ነውና፣ ጽሑፉም የጸሐፊው እጅ ነውና። በመቀስ የሚቆረጥ ፊርማ የለውም። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት፣ መልስ በማጣቱ ያን ሁሉ መዘዝ ያመጣው ደብዳቤ ትርጉም የሚሰጠው ከነሙሉ ቃሉ ነው። በፎቶግራፍ በኩልም ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 የተነሡትን ሥዕሎች ሰብስበው ማንነታቸውን ለመለየት ደክመዋል። መንገዱ ተጠርጓል፤ የሚሄድበት ግን አነሰ።

አሁን ወደ ሞያሌ እንምጣ፤ ክርክሩ የሚነካው ሰው እዚህ አለና። ሞያሌ የ19ኛው መቶ ዘመን ፎቶግራፍ አላት ብሎ መመጻደቅ አይቻልም። ከተማዋ ራሷ ከካሜራ ታናሽ ናት። የበተር ጓድ ከካፒቴን ሞድ ጋር ይህን ጠረፍ የለካው በ1902 እና በ1903 ነው፤ ግሪካዊው ፊሊፕ ዛፊሮ ለእንግሊዞች የድንበር ተቆጣጣሪ ሆኖ የመጣው በ1905፣ የድንበሩ ስምምነት የተፈረመው በ1907 ነው። ጣሊያን የኬንያዋን ሞያሌ በሐምሌ 1940 ያዘ፤ በየካቲት 1941 ለቀቀ። ስለዚህ ሌላው አገር በ19ኛው መቶ ዘመን ያለፈበት ዕድሜ እዚህ የ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ ግማሽ ነው ማለት ነው፤ ቀያሹ፣ መኮንኑ፣ ከዚያም ወታደሩ ያነሣው ሥዕል። የጣሊያን ወታደሮች ከምሥራቅ አፍሪካ ይዘውት የሄዱት አልበም ልጆቻቸው ሲሞቱ ወይም ቤት ሲለቁ ገበያ ይወጣል፤ ነጋዴውም አልበሙን በጥሶ ገጹን ገጽ በገጽ ይሸጠዋል፤ በተናጠል የሚሸጥ ሥዕል ድምር ዋጋው ይበልጣልና። በዚያ መበጠስ ውስጥ በአንዱ ገጽ ላይ የተጻፈው የቦታ ስም ከሌላው ገጽ ፊት ይለያል፤ ያ ፊት ደግሞ የዚህ ከተማ ሰው አያት ሊሆን ይችላል።

የሞያሌ ጉዳይ ከሌላው የሚለየው፣ መልሱን የሚያውቁ ሰዎች ገና በሕይወት በመኖራቸው ነው። የቦረና ሽማግሌ ዘመንን የሚቆጥረው በአባ ገዳው ስም ነው፤ ሥልጣኑ በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፣ ቃል አዋቂው ሰው የብዙ ትውልድ አባ ገዳዎችን በተራቸው ይጠራል። ነጋዴው በግምት «በ1920 አካባቢ» ብሎ የጻፈበትን ሥዕል ለእንዲህ ያለ ሽማግሌ ያሳየ ሰው፣ አለባበሱንና የጠጉሩን አሠራር አይቶ ሰውየው በየትኛው የገዳ እርከን ላይ እንደ ነበረ፣ ቢያውቀውም በማን ዘመን እንደ ኖረ ሊሰማ ይችላል። ከፈረንጁ ግምት ይልቅ የስምንት ዓመት ወሰን ይሻላል። የቡርጂ፣ የጋሪ፣ የገብራና የአማራ ቤተሰብም የየራሱ ትዝታ አለው። ይህ ዕውቀት በየትኛውም ካታሎግ የለም፤ በየዓመቱም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

የስሙ አጻጻፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በዚህ ጠረፍ አንድ ሰው በኦሮምኛ በአንድ ስም ይጠራል፣ በአማርኛ በሚጽፍ ጸሐፊ ፊት በሌላ፣ በእንግሊዝ ወረቀት ላይ ደግሞ ጸሐፊው እንደ ሰማው ይቀመጣል። ሦስቱን የሚያይ ተመራማሪ ሦስት ሰው ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ስም ሲጻፍ ሰውየው በአፉ እንደሚጠራው፣ ከአባቱና ከአያቱ፣ ከጎሳውና ከመንደሩ ጋር ነው መጻፍ ያለበት፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ይቆየው።

ጉዳዩን የቅንጦት ነገር አድርጎ የሚያይ ካለ የሰሜን ኬንያን ሰው መታወቂያ ሲያወጣ ይጠይቀው። የማን ልጅ ነህ፣ አያትህ የት ነበሩ የሚለው ጥያቄ ለዚህ አካባቢ ሰው ለብዙ ዓመታት ሌላው ኬንያዊ በማይጠየቅበት መንገድ፣ በሽማግሌዎችና በሹማምንት ሸንጎ ፊት ሲቀርብለት ኖሯል። ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ይህ ልዩ ምርመራ እንዲቀር በየካቲት 2025 አወጁ። ፎቶግራፍ የሕግ ማስረጃ ነው የሚል የለም። ሆኖም አያቱ ማን እንደ ነበሩ ሲጠየቅ የኖረ ሕዝብ፣ የአያቱ ሥዕል «የአገሩ ሰው» ተብሎ ሮም ላይ ሲሸጥ ነገሩ ከሌላው ይልቅ ይከነክነዋል።

ለሰብሳቢው የሚቀርበው መከላከያ የታወቀ ነው፤ እርሱ ባይገዛው ኖሮ ምስጥ በበላው፣ እሳት በፈጀው ነበር ይባላል። እውነት አለበት፤ በሞያሌ በተለይ እውነት አለበት። በ2012 በኬንያዋ ሞያሌ በተነሣው ግጭት ቤቶች ተቃጥለዋል፣ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረዋል። በመጋቢት 2018 ደግሞ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሰላማውያን ሰዎች በወታደሮች ተገድለው ሺዎች በተቃራኒው ወደ ኬንያ ሸሽተዋል። በእንዲያ ያለ ቀን ልጁን የያዘ ሰው አልበም አያነሣም። ሥዕሉን የሚያድን ገዢ ይመስገን። ግን የሚያድነው ሰው ከሻጩ አፍ ስሙን ለመቀበል የሚፈጅበት ጊዜ ሻይ ከመጠጣት አይበልጥም፤ ይህን ያላደረገ ከእሳቱ ያተረፈው ወረቀቱን ብቻ ነው። የቀድሞው የኬንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ሙሩምቢ መጽሐፉን፣ ቴምብሩን፣ ሰነዱን፣ የጥበብ ሥራውን ዕድሜውን ሙሉ ሲሰበስብ ኖሮ፣ ዛሬ ስብስቡ በናይሮቢ መሐል ከተማ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለሕዝብ ይታያል። ሰብሳቢነት በራሱ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከከተማዋ ከራሷ የሚነሣው ነው። ጎሳ ከጎሳ በተጋደለበት ስፍራ፣ ጠመንጃ የያዘን ሰው ስሙንና ጎሳውን ጽፎ ማስቀመጥ የድሮ ቂም መቀስቀስ አይሆንም ወይ? ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የስሙ ባለሥልጣን ቤተሰቡ ነው፤ ምን እንደሚጻፍ፣ ለማን እንደሚታይ፣ መቼ እንደሚገለጥ የሚወስነው እርሱ ነው። መሸሸግ የሚችለው ግን መጀመሪያ የሚያውቅ ብቻ ነው። ዛሬ ያለው ሁኔታ ግን ምሥጢር መጠበቅ አይደለም፤ ማንም ሳይወስን ሁሉም እየጠፋ ነው።

ለመጻፍ የሚነሣ ቤተሰብ አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። እነዚያው የአሜሪካ ካርድ ነጋዴዎች የዕቃውን ጤንነት በነጥብ የሚለኩ ድርጅቶች አሏቸው፤ በእነርሱ መለኪያ በካርድ ላይ በእርሳስም ሆነ በቀለም የተጻፈ ማንኛውም ነገር ዋጋ የሚቀንስ ጉድፍ ነው። ይህ ልማድ ወደ አሮጌ ፎቶግራፍና ፖስትካርድ ገበያም ቢጋባ አይደንቅም፤ አያት በእጃቸው የጻፉትን ስም በላጲስ ለማንሣት የማያመነታ ነጋዴም አይጠፋም። በዚህ ምክንያት ስሙ ከሥዕሉ ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ ከተጻፈ በኋላ፣ የፊቱም የጀርባውም ቅጂ ተነሥቶ፣ ያው ስም በተለየ ደብተር ደግሞ ሊመዘገብ ይገባል። ደብተሩ ከሥዕሉ ጋር አይሸጥም፤ በቤት ይቀራል፤ ሁለት ቅጂ ቢኖረው አንዱ ከድንበሩ ማዶ ባለው ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።